መታጠቢያ ቤት ያደሩ ሽሎች

«የእሷን ፊት ማየት አልችልም። ሌላ ቀን ይሁን፤ ዛሬ ግን የእሷን ፊት ማየት አልችልም።»

ይህን ያለችው ታናሽየዋ ናት፤ የተባለባት ደግሞ ታላቅ እህቷ። ታናሽየዋ ገና በጠዋቱ የአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለባሏ ነበር የምትናገረው። ታላቅየዋ ግን ከግድግዳው ማዶ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚህ ቤት መታጠቢያ ቤት ግን ከጣሪያው ሥር ወደ ባልና ሚስቱ መኝታ ክፍል የሚከፈት የአየር ቀዳዳ ስላለው፣ እዚያ የገባ ሰው የሌላውንም የራሱንም ወሬ ሳይወድ በግድ ይሰማል። ቤቱን የሠራው ግንበኛ ትንሽ አስቦ ቢሆን ኖሮ ስንት ኩርፊያ በቀረ ነበር። «ታዲያ ከማን ጋር ልትገቢ ነው?» አለ ባልየው። «እኔ እንደሆንኩ ሐኪም ቤት ስገባ ራሴን የሚያዞረኝ ሰው ነኝ።» «አንተ ትሻለኛለህ» አለች። «አንተ ምንም ስለማታውቅ ፊትህ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። አራት ሰዓት ላይ እንገባለን፣ እንወጣለን፤ ከዚያ በኋላ ይነገራታል። አባባም ከአፋቸው እንዳያመልጣቸው ንገራቸው።»

ታላቅየዋ በእጇ የያዘችውን ቴርሞሜትር ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። ነገሩን ለመረዳት ሁለተኛ ማሰብ አላስፈለጋትም። ታናሽየዋ ከአሁኑ እርግዝና በፊትም አንዴ አርግዛ ነበር። ያን ጊዜ አልትራሳውንድ ስትነሣ እጇን ይዛ አልጋው አጠገብ የቆመችው ታላቅየዋ ነበረች። ሐኪሙ ገና መሣሪያውን ሆዷ ላይ እያንሸራተተ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ ታላቅየዋ ስክሪኑ ላይ የልጁን ጀርባ አየችው። ታች በኩል ሕብለ ሰረሰሩ አልተዘጋም። ምንም አላለችም። ታናሽየዋ ግን ስክሪኑን አልነበረም የምታየው፤ የእህቷን ፊት ነበር። ሐኪሙ «ነገ በደንብ ደግመን እናየዋለን፤ ለጊዜው ደህና ነው» ብሎ ሲሸኛቸው ታናሽየዋ ሁሉንም ጨርሳ አውቃ ነበር። ልጁ አልተረፈም፤ ስለ እሱ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ያነሣ ሰው የለም። የተገዛችውም ትንሽ አልጋ ሳትፈታ ከነካርቶኗ ከቁምሣጥኑ ጀርባ ቆማ ቀረች። እንግዲህ ታላቅየዋ ያጠፋችው ይህን ነው፤ ፊት ስላላት ብቻ ወንጀለኛ ሆነች። በደል ነው፤ እሷም በደል መሆኑን ታውቃለች። የከፋው ግን እህቷ ያለችው ውሸት አለመሆኑ ነው። እንባዋ መጣና በፎጣ ያዘችው። እዚያው ባልዲው ላይ እንዳለች ወሰነች፤ አራት ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ትሄዳለች፤ ማንም ሳያያት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ትቆማለች። እህቷ ባታያትም ግድ የለም፤ ቅርብ መሆን ብቻ ነው የፈለገችው።

ከዚያ በኋላ ነው የመጣችበት ጉዳይ ትዝ ያላት። በእግሯ ሥር፣ ገላ መታጠቢያው ጎን፣ ነጭ የበረዶ ሳጥን ተቀምጧል። ታላቅየዋ ሥራዋ እንቁራሪት ላይ ነው። በሰፈሩም በዘመድም ዘንድ «ባለ እንቁራሪቷ» ይሏታል፤ ያኔ የትምህርቷን ርዕስ የነገረቻቸው ቀን የወጣላት ስም ነው። የምታጠናው ግን እንቁራሪቷን ሳይሆን ገና ሽል ሳለች አንጎልና ሕብለ ሰረሰሯ እንዴት እንደሚሠሩ ነው፤ የትኛው ጂን መጀመሪያ እንደሚነቃ፣ እሱ ደግሞ የትኛውን እንደሚቀሰቅስ። ሽል በሙቀት ይፈጥናል፣ በቅዝቃዜ ይዘገያል። ስለዚህ ሥራውን ለሰው ሰዓት ለማመቻቸት ማታ ማታ ቀዝቀዝ አድርገው ያሳድሯቸዋል። የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ትናንት ድንገት ቀጥ አለ፤ ጠጋኙ መጥቶ አንኳኳና «ዕቃ ይፈልጋል» ብሎ ሄደ። ከእጅ አይሻል ዶማ ነውና እሷ ሽሎቹ ያሉባቸውን ሳህኖች በበረዶ ሳጥን ይዛ ወደ ቤት መጣች። በረዶውን የገዛችው ከዓሣ ነጋዴው ነው፤ ሰውዬው ዓሣ እንደማትገዛ ሲያውቅ በረዶውን በዓሣ ዋጋ ሸጠላት። ሳጥኑ ውስጥ አሥራ ስድስት ዲግሪ ጠብቃ፣ ጀርባቸው የሚዘጋው ዛሬ ከምሳ በኋላ እንዲሆን አስልታ ነበር የተኛችው።

ክዳኑን ስትከፍተው በረዶ የለም። በበረዶው ፋንታ የአባቷ የሱፍ ሻርፕ በጥንቃቄ ታጥፎ ተነጥፏል። ከሻርፑ ሥር አባቷ ጉልበታቸውን የሚያሞቁበት ቀይ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ተጋድሟል። ቴርሞሜትሩ ሃያ አራት ላይ ቆመ። ክው ብላ ቀረች።

አባትየው ወጥ ቤት ሻይ እያፈሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው በጡረታ የተቀመጡ፣ ረጅም፣ ትከሻቸው በመሪ የጎበጠ ሰው ናቸው። «አባባ፣ ሳጥኑን ነክተዋል?» አለቻቸው። ሰውዬው ደስ ብሏቸው ዞሩ። «ሌሊት ለሽንት ስነሣ አየኋቸው። በረዶ ላይ አስተኝተሻቸው፣ ምስኪኖች። በረዶውን ደፋሁትና ሙቅ ውሃዬን ሰጠኋቸው። እኔ እንኳ ስንት ልብስ ደርቤ ይበርደኝ የለ!» ባለ እንቁራሪቷ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን በእነዚያ ትልልቅ እጆች፣ በጨለማ፣ ሻርፕ ሲታጠፍ ታያትና ተወችው። «ምነው፣ አጠፋሁ?» አሉ አባትየው ፊቷን አይተው። በዚህ ቤት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ፊቷን ነው። «ሞቃቸውና ቸኮሉ» አለች። «ከሰዓት ሊሆን የነበረው አሁን ረፋዱ ላይ ሊሆን ነው። አንዴ መታጠፍ ከጀመሩ ደግሞ መልሼ ባቀዘቅዛቸው ይበላሻሉ። አሁኑኑ ወደ ሥራ ይዣቸው መሄድ አለብኝ።» ረፋዱ ላይ ማለት አራት ሰዓት ማለት ነው። ይህንን አልተናገረችም፤ አባትየውም ቀጠሮው ትዝ ብሏቸው ሻዩን ወደ ሲኒ ሳይሆን ወደ ሳህኑ ሲቀዱ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ኮታቸውን አነሡ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የምሸከመውም እኔ ነኝ» አሉ።

በሩ አጠገብ ባልና ሚስቱ አገኟቸው። ታናሽየዋ ሆዷ ቀደም ብሎ፣ እሷ ተከትላው፣ በነጠላ ጫማ ቆማለች፤ እግሯ አብጦ ሌላ ጫማ እምቢ ካላት ሰንብቷል። «ዛሬ የት ነሽ?» አለች እህቷን። «ሥራ። አንቺስ?» «እኔማ እቤት። ምናልባት ወጣ ብዬ ጫማ ባይ ነው።» አባትየው አሳላቸው። ባልየው ሌላ ቀን ቢሆን ሳጥኑን አይቶ «እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» ብሎ መተረቱ አይቀርም ነበር፤ ዛሬ ግን ወንበር ስቦ መንገድ ለቀቀላቸውና «በሰላም ግቡ» አለ። ይህ ሰው ጨዋ ሲሆን የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው። ታላቅየዋ የእህቷን ሆድ ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ወጣች። ታናሽየዋም የእህቷን ፊት ላለማየት ወለሉን አየች።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። አባትየው ሳጥኑን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። ሾፌሩ ጎረምሳ ቢጤ ነው፤ ፍሬኑን የሚረግጠው የሚጠላው ሰው እግሩ ሥር ያለ ይመስል ነው። ሁለት ጊዜ ታገሡት፤ ሦስተኛው ላይ ግን የድሮ ሙያቸው አላስቻላቸውም። «ኧረ ቀስ! ሕፃናት ይዘናል!» ብለው ጮኹ። ተሳፋሪው ሁሉ ሕፃናቱን ፍለጋ ዞረ። አንዲት ሴትዮ «ውይ፣ የት አሉ?» ብለው ብድግ አሉ። አባትየውም ሳያፍሩ «እዚህ» ብለው ሳጥኑን አሳዩና ሴትዮዋ በለቀቁት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሴትዮዋ የቀረውን መንገድ ሁሉ ሳጥኑን በጥርጣሬ እያዩ ሄዱ። ታላቅየዋ ስቃ አታውቅ ይመስል ሳቋ መጣና በአፍንጫዋ ወጣ። አባቷ ቀጠሮውን እንደሚያውቁ እሷ ታውቃለች፤ እሷ ማወቋን ግን አባቷ አያውቁም። የሰው ምሥጢር አባትየውን ሁልጊዜ ልክ እንደሌላ ሰው ጫማ ይቆነጥጣቸዋል፤ አሁንም ፌርማታ በደረሱ ቁጥር አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፍተው «ሰዉ በዛ» እያሉ ይዘጉታል። ታላቅየዋ አሳዘኗት።

ላቦራቶሪው ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ግድግዳው ሥር የእንቁራሪቶቹ ገንዳዎች። ጥጉ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት የሞተው ማቀዝቀዣ ቆሟል። ከመስኮቱ የሆስፒታሉ ዋና በር ፊት ለፊት ይታያል፤ ታላቅየዋ መጋረጃውን ሳበችው። አባትየው ኮታቸውን ሳያወልቁ ረጅሙ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሴት ልጃቸው የምትሠራበትን ክፍል ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። አንዱን ሳህን ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ አስተካከለችና «ዐይንዎን እዚህ ላይ ያድርጉ» አለቻቸው። ብዙ ከታገሉ በኋላ አዩት፤ ሰሊጥ የምታህል ክብ ነገር፣ ጀርባዋ ላይ ጠፍጣፋ ሜዳ፣ የሜዳው ግራና ቀኝ ዳር ወደ ላይ ብድግ ብድግ እያለ። «ጠርዞቹ ተነሥተው መሐል ላይ ይገናኛሉ» አለች። «ሁለት ሰዎች አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲያጥፉት እንደሚቀራረቡት። ሲገጥም ቧንቧ ይሆናል። የላይኛው አንጎል፣ የታችኛው ሕብለ ሰረሰር።» «ካልገጠመስ?» አሉ አባትየው ዐይናቸውን ሳያነሡ፤ ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ደነገጡ። «ካልገጠመ ክፍት ይቀራል» አለች ባለ እንቁራሪቷ።

ከዚያ አባትየው ነገር ለማስቀየር ይሁን ከልባቸው ሊያውቁ ፈልገው «ማን ነው እነዚህን አንጎል ሁኑ ብሎ የሚያዝዛቸው?» ብለው ጠየቁ። «የሚያዝዛቸው የለም፤ ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው» አለች፤ ስለዚህ ነገር ስትናገር ድምፅዋ ይሞቃል። «ሁሉም ሴል አንድ ዓይነት ዕውቀት ይዞ ነው የሚጀምረው። ጎረቤቱ ግን ‹ቆዳ ሁን፣ ቆዳ ሁን› እያለ ይለፈልፍበታል። ጀርባ በኩል ይህን ልፍለፋ የሚያፍኑ ሴሎች አሉ። ልፍለፋው ያልደረሰው ሴል ነው ነርቭ የሚሆነው።» አባትየው ይህን ነገር ሲያላምጡት ቆዩ። «እና ዝም ስለተባለ ነው አንጎል የሚሆነው?» «ዝም ስለተባለ ነው።» «ታዲያ በእኛ ቤት ዝምታ ሁላችንም ሊቅ መሆን ነበረብን!» ታላቅየዋ ከት ብላ ሳቀች፤ የያዘችውንም ቀጭን የመስታወት ቱቦ ማስቀመጥ ግድ ሆነባት። «ዝምታው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው የሚጠቅመው፣ አባባ» አለች ዐይኗን እየጠረገች። «ከዚያ በኋላ ጂኖቹ እርስ በርሳቸው መቀስቀስ አለባቸው። አንዱ ተኝቶ ከቀረ ጠርዙ አይነሣም።» በእነዚህ ሽሎች ግራ ጎን ያንን ቀስቃሽ ጂን ዝም ያሰኘችው እሷ ናት፤ ቀኙን እንዳለ ትታዋለች፤ ከዚያ ለግራው የጂኑን መልእክት በትንሹ መልሳ ሰጥታዋለች። የግራው ጠርዝ ይነሣ እንደሆነ ልታይ ነው። ይህን ጂን ከሌሎቹ ሁሉ የመረጠችው ከዚያ ልጅ በኋላ ነው። ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው የለም፤ እሷም አልተናገረችም።

ሥራው ቀላል ነው፤ መጠበቅ ብቻ። በየትንሽ ደቂቃው ፎቶ ታነሣለች፣ ሳህን ትቀይራለች፣ እንደገና ታያለች። ቀኙ ጠርዝ ቀድሞ ተነሣ። ግራው እየዘገየ፣ እየተጎተተ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ተከተለ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ገና ነው። አባትየው ከመሐላቸው አንዷን ሰነፍ ወደው «ያቺ እንዴት ሆነች?» እያሉ ይጠይቃሉ። አራት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም እኩል ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ ከዚያ ተያዩ። «አውቃለሁ፣ አባባ» አለች። አባትየው ከትከሻቸው ላይ ጆንያ የወረደላቸው ያህል ተነፈሱ። «ማን ነገረሽ?» «መታጠቢያ ቤቱ።» ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለ እንቁራሪቷ ቱቦውን ይዛ ቆማ ከጠዋት ጀምሮ ስታብሰለስለው የነበረውን አወጣችው። «እኔ እኮ ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሐኪሙን ዝም አሰኝቼ መናገር ነበረብኝ? ወይስ መሳቅ ነበረብኝ? ምን እንዳደርግ ፈልጋ ነው?» «ምንም» አሉ አባትየው። «ፊትሽ የእናትሽ ፊት ነው። ነፍሷን ይማርና እናትሽም መደበቅ አትችልም ነበር። አብሬያት ስኖር ምን ሆነሻል ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፤ ገብቼ አያታለሁ፣ አለቀ። ከባድ ነው። ለእኔ ግን በጅቶኛል።» ከዚያ ዐይናቸውን ወደ ማይክሮስኮፑ መልሰው «እህትሽ ስለምትወድሽ ነው የምትፈራሽ። ያንን ባልማ ማን ይፈራዋል!» አሉ።

የተዘጋውን መጋረጃ አልከፈተችም። መንገዱን ተሻግራ ኮሪደር ላይ መቆም ስትችል እዚህ መሆኗ አንገበገባት። ቢሆንም የግራው ጠርዝ አባቷ በወደዷት ሰነፍ ሽል ላይ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበርና ካሜራው ላይ ጎንበስ እንዳለች በሩ ተንኳኳ።

ታናሽየዋ ነበረች። በነጠላ ጫማዋ ሦስት ፎቅ ወጥታ፣ በሩን ይዛ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ከኋላዋ ባሏ ቦርሳዋንም ሹራቧንም ጃንጥላዋንም ተሸክሞ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ እንደተባለው ምንም አይነበብም። «ደህና ነው ብሏል ሐኪሙ!» አለ ቶሎ ብሎ። «ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ሦስተኛ አስደግሜዋለሁ።» ታናሽየዋ አልሰማችውም። «ያኔም ደህና ነው ብለውን ነበር» አለች። ከዚያ በእጇ ላብ የራሰ የአልትራሳውንድ ወረቀት ዘረጋች። «አንቺ እዪልኝ።»

ታላቅየዋ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ወገቧ ጠረጴዛውን ነካው። «እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም» አለች። «አውቃለሁ።» «ታዲያ እኔ ምን ብዬ...» «ምንም አትበዪ። እዪው ብቻ።» ወረቀቱን ተቀበለችው፤ ግን ቀና ልታደርገው አልደፈረችም። «እሺ፤ ወደ መስኮቱ ዞሬ ልየው» አለች፤ ድምፅዋ የሕፃን ሆነ። ታናሽየዋ እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሁለት እጇን ሆዷ ሥር አቆላልፋ፣ ጥፋተኛ ተማሪ እንደሚቆም ፊት ለፊቷ ቆመች። «ወደ እኔ ዞረሽ። ከሐኪሙ ዘንድ ወጥቼ አስፋልቱ ላይ ቆምኩ፤ ደስ ሊለኝ ፈለግሁ፤ እምቢ አለኝ። አንቺ ሳታዪው አላምንም። ክፉም ቢሆን ካንቺ ነው የማየው።» ባልየው ጃንጥላው ከእጁ ወደቀበት፤ አላነሣውም። አባትየው ከበርጩማው ወርደው ግድግዳውን ተደገፉ።

በዚያች ደቂቃ ማይክሮስኮፑ ሥር የሰነፏ ሽል ሁለት ጠርዞች ተገናኝተው ይሁን ሳይገናኙ ቀርተው ማንም አላየም፤ ፎቶውም አልተነሣም። ታላቅየዋ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ቀና አደረገችው። ከጭንቅላቱ ጀመረች፤ ክብ ነው፤ ሙሉ ነው። ከዚያ አንገት። ከዚያ የጀርባ አጥንቱን ሁለት ነጭ መስመር ይዛ ቀስ ብላ ወደ ታች ወረደች፤ መቸኮል አልቻለችም፤ ወገብ ደረሰች፤ ከወገብም በታች፣ ያኔ ክፍተቱን ካየችበት ቦታ ላይ ደረሰች። መስመሮቹ ጠበቡ፣ ተጠጉ፣ ገጠሙ። በላያቸው ቆዳው አንድም ቦታ ሳይቋረጥ እስከ ታች ወርዷል። እንደገና ከላይ ጀምራ ወረደች። ያው ነው።

ፊቷ በዚያን ጊዜ ምን እንዳደረገ ባለ እንቁራሪቷ እስከ ዛሬም አታውቀውም፤ ሰው የራሱን ፊት አያይም። ቀና ስትል ያየችው የእህቷን ፊት ነው። የታናሽየዋ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ግንባሯ ላይ ወራት ሙሉ ተቋጥሮ የነበረው ነገር አንድ በአንድ ተፈታ፤ ዐይኖቿ ሞልተው እስኪፈስሱ ድረስ ከእህቷ ፊት ላይ አልተነሡም። ከዚያ ታናሽየዋ አባቷ የለቀቁትን በርጩማ ሳበችና ዘፍ ብላ ተቀመጠችበት። የእህቷን እጅ ከነጓንቱ ይዛ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው።

«አባባ» አለች፤ እያለቀሰች፤ «ራበኝ።»